ከእነዋሪ ሜዳ የተነሣ ሮኬት የት ወደቀ? የሬዲዮ መከታተያ ምክር ፈለግን

የጅሩ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። እነዋሪ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ አስተባብራለሁ። ልጆቹ በውሃና በታመቀ አየር የሚነሣ ሮኬት ይሠራሉ። ባሩድ የለም፣ እሳት የለም። የለስላሳ ጠርሙስ፣ ውሃ፣ የብስክሌት መንፊያ፣ በቃ። አሁን ጠርሙሶቹን አገጣጥመው፣ ፓራሹት ጨምረው፣ ከ100 ሜትር በላይ መላክ ጀምረዋል።

አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ለሮኬት የተመቸ ነው። ግን ድንገት ያልቅና የጀማ ገደል ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ፓራሹቱን ይዞት ይሄዳል። ገደል ባይገባ እንኳ ስንዴ ውስጥ ይወድቃል። ስንዴው ከፍ ካለ ደግሞ አጠገቡ ቆመህም አታየውም።

ልጆቹ ውጭ አገር ሮኬት የሚያስነሡ ሰዎች ትንሽ የሬዲዮ ማስተላለፊያ እንደሚያስሩበት አንብበዋል። እኛም እንሞክር እያሉ ነው። የምጠይቀው ይህን ነው። ቲክ ቲክ የሚል ተራ ላኪ ይበቃል ወይስ ጂፒኤስ ያስፈልጋል? በየትኛው ፍሪኩዌንሲ? አንቴናውን ራሳችን መሥራት እንችላለን? ገንዘባችን ትንሽ ነው። ጊዜና ጉጉት ግን አለን።

---

ሬዲዮ ጠጋኝ (ደብረ ብርሃን)

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ስለ ፍሪኩዌንሲው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ዕቃ ገዝቶ የሚቀረው። በኢንተርኔት የሚሸጠው የሮኬት መከታተያ አብዛኛው ለአሜሪካ የተሠራ ነው። 915 ሜጋ ኸርዝ ይላል። እነሱ አገር ከ902 እስከ 928 ያለው ያለ ፈቃድ የሚሠራበት ክፍት ሞገድ ነው። እኛ ያለነው ግን አውሮፓና አፍሪካ በሚገኙበት በመጀመሪያው የዓለም የሬዲዮ ክልል ነው። እዚህ ያ ቦታ የሞባይል ስልክ ሰፈር ነው። በጂኤስኤም 900 ስልካችን ወደ ማማው የሚናገረው ከ890 እስከ 915 ባለው ላይ ነው። ስለዚህ 915 የተጻፈበትን ዕቃ አትግዙ፤ ርካሽ ቢሆንም።

ለእኛ የሚሆነው 433 ነው። ከ433.05 እስከ 434.79 ሜጋ ኸርዝ ያለው ጠባብ ቦታ በዚህ ክልል ለአነስተኛ መሣሪያዎች የሚውል ነው። አውሮፓውያን ኃይሉን በ10 ሚሊዋት ይገድቡታል። ለእናንተ ሮኬት 10 ሚሊዋት ከበቂ በላይ ነው። የመኪና ቁልፍና የግቢ በር ሪሞት 433.92 ላይ ስለሚጮኹ ከእሱ ትንሽ ራቁ።

አገር ቤት ሞገድ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ሁለት አቅጣጫ የሚያወራ የእጅ ሬዲዮ ግን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ እንዳትወጡ አደራ። መስማት ብቻ የሚችል፣ በዩኤስቢ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ትንሽ ተቀባይ አለ። ለእናንተ የሚበቃው እሱ ነው።

አንቴናው ቀላል ነው። በ433 የሞገዱ ርዝመት 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሩቡ 17 ነው። ሮኬቱ ውስጥ 17 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ በቃ። ስለ ያጊው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ አተኩሮ ስለሚሰማው አንቴና፣ በኋላ እመለሳለሁ፤ ደንበኛ መጣ።

---

የመንዝ ልጅ በኮሎራዶ

እህቴ፣ ይህን ሳነብ ልቤ እዚያው ሜዳ ላይ ነው የቀረው። እኔ እዚህ በክለብ አስነሣለሁ። የፋብሪካ ሞተር ገዝተን፣ ፈቃድ ባለው ሜዳ ላይ። የእኛ ነገር በቀጥታ ለእናንተ አይሆንም፤ አንዳንዱ ግን ይሆናል።

እዚህ በ70 ሴንቲ ሜትር ሞገድ፣ 433 ባለበት ሰፈር፣ የሚጠቀሙት የአማተር ሬዲዮ (ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎት የሚሠራ ሬዲዮ) ፈቃድ ያላቸው ናቸው። ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፤ 26 የመለሰ ያልፋል። አገራችንም አማተሮች አሉ። አዲስ አበባ 5 ኪሎ ያለው የማኅበሩ ጣቢያ መጠሪያው ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ነው። እነሱን ብታገኟቸው በአንድ ቀን ብዙ ያሳዩአችኋል።

አሁን ዋናው። ጂፒኤስ የተሻለ የሚሆነው በአንድ ነገር ነው። ሮኬቱ እየወረደ ሳለ ያለበትን ቦታ ደጋግሞ ይልካል። ገደል ገብቶ ድምፁ ቢቋረጥ እንኳ ከመቋረጡ በፊት የላከው የመጨረሻ ቦታ በእጅሽ ይቀራል። እኛ "የመጨረሻው ፓኬት" እንለዋለን። ብዙ ሮኬት የሚገኘው በእሱ ነው። ለገደል አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላ አንድ ነገር። እናንተ ያላችሁት ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ እነዋሪም ደጋ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል። ስለዚህ ያው ፓራሹት 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይወርዳል። ከኢንተርኔት የፓራሹት ልክ ስትወስዱ ትንሽ አስፉት። በጣም አታስፉት ግን፤ ነፋሱ ይወስደዋል። ከ100 ሜትር በሴኮንድ 5 ሜትር ቢወርድ 20 ሴኮንድ አየር ላይ ይቆያል። ነፋሱ በሴኮንድ 10 ሜትር ከሆነ 200 ሜትር ርቆ ነው የሚያርፈው።

ልጆቹ ነዳጅ ቀምመን ሞተር እንሥራ ካሉሽ ግን በጭራሽ እንዳትፈቅጂ። እዚህ እንኳ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጣትና ዓይን ያጡበት ነገር ነው። ውሃው ብዙ ያስተምራቸዋል።

---

ኤሌክትሮ ተማሪ

ከሁለታችሁ ተምሬአለሁ። እኔ ግን ጂፒኤስ ብቻ ነው የምለው። ጂፒኤስና ሎራ (በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚደርስ የሬዲዮ መላኪያ ዘዴ) አንድ ላይ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ አለ። ቦታውን ስልክ ላይ በካርታ ያሳይሃል። አቅጣጫ በጆሮ መፈለግ የድሮ ዘዴ ነው፤ ልጆቹ ለምን ይለፉ? ሎራ ደግሞ ከጫጫታው በታች የሰጠመ ምልክት እንኳ ያነባል።

---

ሬዲዮ ጠጋኝ (ደብረ ብርሃን)

የመንዙ ወንድሜ ስለ መጨረሻው ፓኬት ያለው እውነት ነው። ተማሪው ወንድሜ፣ አንተም ስለ ሎራ ያልከው ልክ ነው። ግን ጂፒኤስ ብቻ ካልክ ልጆቹን ግማሽ መንገድ ላይ ትተዋቸዋለህ።

ጂፒኤስ ሰማይ ማየት አለበት። ከተከፈተ በኋላ ሳተላይት እስኪይዝ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሮኬቱ ተወርውሮ ሲነሣ ቦታውን ሊስት ይችላል። ብዙ ሞጁል ከፋብሪካ ሲወጣ የተስተካከለው ለእግረኛና ለመኪና ነው፤ ሽቅብ በሴኮንድ ከ50 ሜትር በላይ ከሄደ ግራ የሚጋባ አለ። ወደ በራሪ ሁኔታ መቀየር ያስፈልጋል። ሮኬቱ በአፍጢሙ ወድቆ አንቴናው ጭቃ ውስጥ ከተተከለ ደግሞ ካርታው ላይ የምታየው አሮጌ ቦታ ነው። ያኔ ወደ ድምፁ መሄድ የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ አቅጣጫ መፈለግን ልጻፍላችሁ። እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ቢረዝም ታገሡኝ።

ያጊ አንቴና ከብረት የአናጢ ሜትር ቁራጭና ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ይሠራል። ሦስት ዘንግ ነው። ከኋላ 35 ሴንቲ ሜትር። መካከሉ 33፣ እሱ ለሁለት ተቆርጦ ገመዱ የሚገባበት። ከፊት 31። በመካከላቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ክፍተት ተዉ። አጭሩ ዘንግ ወዳለበት ነው የሚያየው። ሜትሩን ቀለሙን ፋቁት፤ አለዚያ ሊዱ አይይዝም። ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገቡ ይታጠፋል፤ ስትወጡ ይቃናል። ለዚህ ነው የአናጢ ሜትር የሚመረጠው።

አሁን ፍለጋው። ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ድምፁ የበረታበት አቅጣጫ ሰፊ ነው፤ ልክ ነጥቡን አይነግራችሁም። ስለዚህ በግራ የደከመበትን ምልክት ያዙ፣ በቀኝ የደከመበትን ያዙ፣ መሐሉን ሂዱ። ሁለት ቡድን ሁኑ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ 200 ሜትር ጎን። ሁለቱም አቅጣጫቸውን ካርታ ላይ ያስምሩ። መስመሮቹ የሚገናኙበት ሮኬቱ አለ። ለልጆቹ ይህ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ነው።

ላኪው ቆሞ ሳለ አንቴናው ቁም ነው። ወድቆ ሲተኛ አግድም ይሆናል። ያጊውን ሁለቱንም ሞክሩ፤ አንዴ ቁም፣ አንዴ አግድም። ልዩነቱ ብዙ ነው። "ላኪው ሞተ" ብለው የሚመለሱ ሰዎች አንዳንዴ ማዞር ብቻ ነው የቀራቸው።

ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ተቀባዩ ይሞላል፤ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይጮኻል። ያኔ ያጊውን ንቀሉና በትንሽ ሽቦ ቀጥሉ። ወይም ተቀባዩን ከላኪው ፍሪኩዌንሲ ትንሽ አርቁት፤ ደክሞ ይሰማል፣ አቅጣጫውም ይመለሳል። ሰውነታችሁም መሣሪያ ነው። ተቀባዩን ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ዙሩ። ድምፁ በጣም ሲደክም ላኪው ከጀርባችሁ ነው።

አሁን የእናንተ ልዩ ችግር። ገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ከማዶ ሲመለስለት ያውቃል። ሬዲዮም ገደል ማሚቶ አለው። ሮኬቱ ከአፋፉ በታች ከወደቀ ቀጥታ የሚመጣው ሞገድ በመሬቱ ይጋረዳል፤ ከማዶ ዓለት ነጥሮ የሚመጣው ግን ይሰማችኋል። ያጊው ማዶውን ያሳያችኋል። አትመኑት። አፋፉን ይዛችሁ 100 ሜትር ሂዱና እንደገና ለኩ። እውነተኛው አቅጣጫ በሥርዓት ይለወጣል፤ ማሚቶው ይዘላል። እስኪረጋ ድረስ ማንም ልጅ ቁልቁል አይውረድ።

---

የመንዝ ልጅ በኮሎራዶ

> "ቁምና አግድም ሁለቱንም ሞክሩ"

ይህን በትልቅ ፊደል ጻፉት።

እኔ የምጨምረው፣ ሮኬቱ አየር ላይ ሳለ ያጊውን የያዘው ሰው ሌላ ሥራ አይኑረው። 100 ሜትር ላይ ያለ ላኪ አድማሱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከስንዴው ሥር ሲተኛ ጥቂት መቶ ሜትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሲወርድ ተከተሉት። ድምፁ የተቋረጠበትን አቅጣጫ ወዲያው መሬት ላይ በዱላ አስምሩ። ሌላ ልጅ ደግሞ በዓይኑ ይከተል፤ ከጀርባው ያለውን ዛፍ ወይም ቤት ይያዝ።

---

ሞረቴው

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ስለ ሬዲዮ አላውቅም፤ ስለ አገሩ ግን አውቃለሁ።

ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ከሰማይ የሚወርድ፣ ሽቦ ያለው፣ የሚያበራና የሚጮህ ነገር ጓሮው ቢወድቅ ገበሬ ምን ያስባል? ልጆቹን ሰብስቦ ይሸሻል። ወይ በድንጋይ ይቀጠቅጠዋል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ከማስነሣታችሁ በፊት ቀበሌውን፣ ፖሊሱን፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች በአካል ሄዳችሁ ንገሩ። ፈቃዱን በወረቀት ያዙ። ሁኔታው ጥሩ ካልሆነ አትልቀቁ፤ ሮኬት ይቆያል።

ሮኬቱ ላይ በትልቁ በአማርኛ ጻፉ፦ "የተማሪዎች የትምህርት መሣሪያ ነው። ፈንጂ አይደለም። ያገኘ ለትምህርት ቤቱ ይመልስ።" ጠርሙሱንም በደማቅ ቀለም ቀቡት። ሽቦና ባትሪው ከውጭ አይታይ።

ሰብል ውስጥ ፍለጋ ብላችሁ 30 ልጅ ይዛችሁ እንዳትገቡ። የሰው እንጀራ ነው። አጨዳው አልቆ፣ ማሳው ገለባ ሆኖ፣ ከጥር ወዲህ ቢሆን ለሁሉም ይበጃል። ከዚያ በፊት ከሆነ ባለማሳውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ሁለት ሰው ብቻ በቦዩ ይግባ።

ደግሞ እረኞቹን አትርሱ። ያን ሜዳ ቀኑን ሙሉ የሚያየው እረኛ ነው። በግ ከሩቅ በመልኩ የሚለይ ልጅ ቀይ ፓራሹት አያመልጠውም። አስቀድማችሁ አሳዩአቸው፤ ጥሯቸው፤ ጠርሙሱን ያስነሡ። በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸው ይዘውላችሁ ይመጣሉ።

---

የጅሩ መምህርት

ጋሼ ሞረቴው፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ከወላጆች ጋር ተነጋግረናል፤ ቀበሌውን በደብዳቤም በአካልም እንጠይቃለን። የእረኞቹን ነገር ግን አላሰብኩትም ነበር። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ከትምህርት በኋላ እረኞች ናቸው።

ጋሼ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ሦስት ነገር ልጠይቅዎ። ላኪው ሮኬቱ ውስጥ የት ይቀመጥ? ጠዋት ነው የምናስነሣው፤ ነፋስ ስለሌለ። ውርጩ ባትሪውን ይጎዳዋል? ስንዴ ውስጥ ለመጨረሻዋ ጥቂት ሜትር ምን ይሻላል?

---

ሬዲዮ ጠጋኝ (ደብረ ብርሃን)

ጠዋት ማድረጋችሁ ጥሩ ነው።

ላኪው አፍንጫው ውስጥ ይሁን፤ ውሃው ከሌለበት ወገን። ፕላስቲክና ካርቶን ሬዲዮ ያሳልፋሉ። አሉሚኒየም አያሳልፍም፤ የካርቦን ፋይበርም አያሳልፍም። ስለዚህ አፍንጫውን በፎይል አታስጊጡት። አንቴናው ባትሪው ላይ አይጠቅለል፤ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሰሌዳውን በስፖንጅ ጠቅልላችሁ በፕላስቲክ ከረጢት እሰሩት። ሮኬቱ በውሃ የሚሄድ መሆኑን አትርሱ።

ውርጩ እውነት ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ ይቀንሳል። እስከ መነሻው ሰዓት በኪስ ያዙት። ርካሽ ላኪ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ፍሪኩዌንሲው ትንሽ ይንሸራተታል። ቤት ውስጥ ያስተካከላችሁትን ሜዳ ላይ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ እንደገና ፈልጋችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ቲክ ቲክ የሚል ላኪ ከሆነ ይህ አይዘለል።

ለመጨረሻዋ ጥቂት ሜትር በዘር። ያቺ የማንቂያ ደወል ውስጥ ያለች ትንሽ ጯሂ። ዋጋዋ ትንሽ፣ ክብደቷ ትንሽ። ሬዲዮ ማሳውን ያሳያችኋል፤ በዘሯ ቦዩን ታሳያችኋለች።

---

አዲስ ገብ

ይቅርታ፣ ሰው ቁልፉ ላይ የሚያንጠለጥለው የብሉቱዝ መፈለጊያ አይበቃም? ወይም አሮጌ ስልክ?

---

ኤሌክትሮ ተማሪ

የብሉቱዝ መፈለጊያው ራሱ ሩቅ አይናገርም። በአጠገቡ የሚያልፍ የሌላ ሰው ስልክ ነው ቦታውን የሚያሳውቅለት። ከተማ ውስጥ ይሠራል። ስንዴ ውስጥ የሚያልፍ ስልክ የለም። አሮጌ ስልክ ደግሞ ለጠርሙስ ሮኬት ከባድ ነው፤ ሰው ላይ ቢወድቅ ይጎዳል። ገደል ውስጥ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል።

ስለ ጂፒኤሱ ጋሼ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤ ተለውጧል። መጀመሪያ ተራውን ላኪና ያጊውን ይማሩ። ጂፒኤሱ በሁለተኛው ዙር ይምጣ። ሁለት ቡድን በአንድ ቀን ካስነሣ ግን ፍሪኩዌንሲያችሁን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። አንድ ላይ ከጮኹ የማንን እንደምትከተሉ አታውቁም።

---

የመንዝ ልጅ በኮሎራዶ

ሮኬቱን ከማስነሣታችሁ በፊት ድብብቆሽ ተጫወቱ። አንድ ልጅ ላኪውን ይደብቅ፤ ሌሎቹ ያጊውን ይዘው ይፈልጉ። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ ባህር ዛፍ ውስጥ፣ ከዚያ ገለባ ክምር ሥር። በመጨረሻ ከጉብታ ጀርባ፤ ማሚቶውን እዚያ ያዩታል። አፋፉ ላይ ግን አይሁን። በዓይኑ እያየ ለሚፈልግ ሰው መሣሪያው ምንም አይነግረውም፤ ያልታየ ነገር ፈልገው ሲያገኙ ነው እጃቸው የሚለምደው።

ሁሉም ልጅ ያጊውን ይያዝ፤ ሴቶቹም። ክለባችን ውስጥ ሮኬት ፍለጋ ማንም የማይቀድማት አንዲት ሴት አለች። ምሥጢሯ ቀስ ብላ መዞሯ ነው።

---

የጅሩ መምህርት

እሺ። ልጆቹ ጋር ተቀምጠን ሁሉንም አነበብን። ወሰንን። አንድ የ433 ላኪ፣ አንድ በዘር፣ ሁለት ያጊ። ከአጨዳ በፊት ድብብቆሽ ብቻ፤ በግቢያችንና በባህር ዛፉ ውስጥ። ማስነሣቱ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ ከአፋፉ ርቀን፣ ነፋሱ ወደ ገደሉ በማይነፍስበት ጠዋት። አፋፉን የሚጠብቁ ሁለት መምህራን ይኖራሉ።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያጊውን ዛሬ ሠርታ መጣች። የገመዱን መሐል ሽቦ ከአንዱ ግማሽ፣ የውጩን መረብ ከሌላው ግማሽ በይዳዋለች። ያለን ገመድ የቴሌቪዥን ዲሽ ገመድ ነው። ይሆናል?

---

ሬዲዮ ጠጋኝ (ደብረ ብርሃን)

ይሆናል። የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፤ ተቀባዩ 50 ይፈልጋል። ለመስማት ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ አያሳስብም። የበየደችውም ልክ ነው። ገመዱን አጭር አድርጉት፣ ከሁለት ሜትር አይብለጥ፤ ከቧንቧው ጋር በፕላስተር እሰሩት፤ ብየዳው ሲወዛወዝ ይነቀላል። ተቀባዩ ላይ የሚገባው ትንሿ የወርቅ ቀለም መሰኪያ ነች፤ የዲሹ ጫፍ አይገባባትም። መቀየሪያዋ እኔ ጋ አለች። ደብረ ብርሃን የሚመጣ ሰው ካለ ይለፍና ይውሰድ፤ ለልጅቷ ከእኔ ነው።